መብራት እንዲጠፋልን የዞርንባቸው ከተሞች

ለአዲስ አበባ ሰው ዱባይ ቅርብ ነው፤ ሱሉልታ ሩቅ ነው። እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ዱባይ ደርሶ የመጣ፣ ባንኮክ የታከመ፣ ቻይና ዕቃ የገዛ ጎረቤት ሞልቷል። ሰበታ ያደረ፣ ቡራዩ ምሳ የበላ፣ ሱሉልታ የነቃ ግን ፈልጌ አጣሁ። «እዛ ደግሞ ምን አለ ብለሽ ሄድሽ?» ይሉኛል። እዛ ላለ ነገር አይደለም የሄድኩት። መብራት እስኪጠፋ ልጠብቅ ነው የሄድኩት። ያውም ኢትዮጵያ ውስጥ! ሳቁ፤ ቢሮም እንደዚሁ ነው የሳቁብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኔ ሥራ ኮምፒውተር ውስጥ፣ ከሁሉም በታች፣ ማንም በማያየው ቦታ ነው። አንድን ነገር ከዚህ ሜሞሪ ወደዚያ ሜሞሪ የምትገለብጥ ትንሽ የኦፕሬቲንግ ሲስተም ክፍል አለች፤ እሷን እጽፋለሁ። ሁለት ዓመት እሷው ላይ ተጥጄ ከረምኩ። እናቴ «ኮፒ ማድረግ ይሄን ያህል ይከብዳል እንዴ? ፎቶ ኮፒ ቤት ያሉት ልጆች እንኳ ቆመው ነው የሚጨርሱት» ትለኛለች።

ተራ ሜሞሪ መብራት ሲሄድ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። እኛ የምንሠራበት የማይረሳው ዓይነት ነው፤ መብራት ሄዶ ቢመጣ የተሰጠውን እንደያዘ ይጠብቃል። ጣጣው መንገድ ላይ ነው። ከፕሮሰሰሩ የወጣው ነገር ሜሞሪው ጋ ከመድረሱ በፊት ካሽ የሚባል ማረፊያ ላይ ቁጭ ይላል። መብራት በዚያች ቅጽበት ከሄደ፣ እዚያ ያረፈው ሁሉ ውኃ በላው። የድሮው አሠራር በገለበጠ ቁጥር ማረፊያውን እያራገፈ ይሄዳል፤ አይሳሳትም፣ ግን ይንቀረፈፋል። የኔዋ ማረፊያውን ዘላ በቀጥታ ሜሞሪው ላይ ትጽፋለች። ትፈጥናለች። ስለ እሷ ሳወራ ድምፄ ይለወጣል ይሉኛል፤ ይለወጥ።

አለቃዬ ወይዘሮ ትርሲት ግን በዋዛ የምትረታ ሴት አይደለችም። ቢሮ ውስጥ ገመድ እየነቀልኩ ስንቴ አሳየኋት! «ገመድ የሚነቅል ሰው ቆራጥ ነው» አለችኝ። «የኛ መብራት ያመነታል። ይደበዝዛል፣ ይሄዳል፣ ዕቃ የረሳ ይመስል ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። ደንበኞቻችን ያሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ነው። እዚያው ሄደሽ በራሳቸው መብራት አሳዪኝ። ዓርብ ከሥራ መውጫ በፊት ካላሳየሽኝ የድሮውን አስገብቼ ፋይሉን እዘጋለሁ።» ሁለት ዓመቴ እንግዲህ በአንድ መብራት መጥፋት ላይ ተንጠለጠለ።

ሰኞ

ከአየር ጤና ሚኒባስ ይዘን በዓለም ገና በኩል ወደ ሰበታ ወረድን። አብሮኝ የሄደው ኤፍሬም ነው፤ የቢሯችን የሃርድዌር ሰው። የምንሞክርበትን ሣጥን የገጣጠመው እሱ ስለሆነ እንደ ልጁ አቅፎት ነው የሚሄደው። ሣጥኑ የብረት ነው፤ ክብደቱ የሞላ ጀሪካን ያህላል፤ ባትሪ ሆን ተብሎ አልተደረገለትም። ረዳቱ «ቴሌቪዥን ነው?» አለ። «አይደለም» አልኩ። «ታዲያ ምኑን ነው የሚያሳየው?» አለ። ኤፍሬም ሳቀ፤ እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ያረፍነው ከኤፍሬም አክስት ከእትዬ ዘነበች ዘንድ ነው። ከልደታ ተነስተው ሰበታ ቤት ከሠሩ ቆይተዋል። እኔ ሰፈር በር ሲንኳኳ መጀመሪያ ትንፋሼን ውጬ በቀዳዳ ነው የማየው፤ እሳቸው ጋ በሩ ሲዘጋ አላየሁም። ፈረቃ ጨርሰው ከፋብሪካ የሚወጡ ሴቶች ሁሉ በደጃቸው ሲያልፉ ጎራ ይላሉ፤ ውኃ ይጠጣሉ፤ «አከም ጅርቱ» ብለው ገብተው «ቻው» ብለው ይወጣሉ።

ሣጥኑን ሰክተን ተቀመጥን። ፕሮግራሟ ያለ እረፍት ትገለብጣለች፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ የተገለበጠውን አይተን መቁጠር ብቻ ነው የቀረን። እትዬ ዘነበች «አይዟችሁ፣ እዚህ መብራት ምሳን አይሻገርም» አሉ። ተሻገረ። «ማታ አምፖሉ ሁሉ ሲበራ አይችልም» አሉ። ቻለ። ጎረቤቶቻቸው ገብተው ፍሪጁ እየሠራ፣ ቴሌቪዥኑ እየሠራ ሲያዩ ጉድ አሉ። አንዷ እንዲያውም እኔንና ኤፍሬምን አገላብጣ ስማን «እንግዶችሽስ እግረ እርጥብ ናቸው! ከመጡ ጀምሮ ብልጭም አላለ» አለች። ሰው በምርቃት ሲናደድ አይታ ስለማታውቅ የፊቴ መጥቆር ድካም መሰላት።

ማክሰኞ

ቁርስ ፍርፍር ነበር፤ ምሳ ሽሮ። የእትዬ ዘነበች ሽሮ እየተንተከተከ ነው ገበታ ላይ የሚቀርበው። የኔ ሽሮ ከቢሮ ስመለስ በማይክሮዌቭ የሚሞቅ ነገር ስለሆነ ማወዳደር ነውር ነው። ሁለተኛውን ጉርሻ አፌ ላይ እንዳደረስኩ አምፖሉ ደበዘዘ፣ ቀላ፣ እንደገና በራ፣ ከዚያ ድርግም! ልክ ትርሲት እንዳለችው፣ እያመነታ።

«ጠፋ!» ብዬ ጮህኩ። ጉርሻዬን ዋጥኩት፤ አቃጠለኝ፤ ግድ አልሰጠኝም። ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ሣጥኑ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ፣ ምንም እንዳልሆነ ሥራውን እየሠራ ነው።

ለካ እትዬ ዘነበች ማለዳ ተነስተው፣ እኛ ተኝተን ሳለ፣ ገመዱን ከግድግዳው ነቅለው ባላቸው ለክፉ ቀን ወዳስገቡት ትልቅ ባትሪ አዙረውታል። «የሰው ዕቃ ነው፤ መብራቱ ሄድ መጣ ሲል ይቃጠልባቸዋል ብዬ ነዋ!» አሉ። ፊታቸው ላይ ያለው ደስታ ልብ ይሰብራል። የጓዳው አምፖል እንኳ ከባትሪው ተነቅሏል፤ ሙሉው ኃይል ለእንግዳው ሣጥን እንዲሆን። እሳቸው እኮ በሻማ ሊያመሹ ነበር።

ምን ይባላል? «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። ኤፍሬም ግድግዳው ላይ ግንባሩን ደግፎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ የሚያለቅስ መስሏቸው «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ምንም አልሆነም» እያሉ ጀርባውን ያሻሉ። ገመዱን ወደ ግድግዳው መለስነው። መብራቱም መጣ፤ መጥቶም እስክንሄድ ድረስ የትም አልሄደም።

ረቡዕ

ሰበታ የማይሄድ መብራት ካለ ቡራዩ የሚሄድ አይጠፋም ብለን ወደ ከተማ ተመልሰን በአስኮ በኩል ዞርን። የኤፍሬም የትምህርት ቤት ጓደኛ ጀማል እዚያ የእንጨት ሥራ ቤት አለው፤ በር፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን ይሠራል። ስንደርስ ማሽኖቹ ጸጥ ብለዋል፤ ጀማል ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይ ይሞቃል።

«መብራት አለ?» አልኩት ሰላምታዬን ሳልጨርስ።

«ከእሑድ ጀምሮ የለም። ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል።»

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሰበታ አልሄድ አለ፤ ቡራዩ አልመጣ አለ። ጀማል ግራ ገባው። «መብራት እንዲጠፋ ነው የምንፈልገው አላልከኝም እንዴ በስልክ?» አለው ኤፍሬምን። «ይኸው ጠፍቷል! ከዚህ በላይ እንዴት ይጥፋ?»

«መጀመሪያ መምጣት አለበት» አልኩ። «ከዚያ ይሄዳል።»

«እንዲሄድ ነው እንዲመጣ የምትፈልጉት?»

«አዎ።»

ኤፍሬምን በዓይኑ ጠየቀው፤ ኤፍሬም በዓይኑ «ተዋት» አለው። ጀማል ሰው ወዳድ ነው። ጎረቤት ሮጦ ጄኔሬተር ይዞልን መጣ። ጄኔሬተር እንደማይሆን፣ የከተማው መብራት ራሱ መሆን እንዳለበት ሳስረዳው፣ ይዞት የመጣውን ጄኔሬተር ቀስ ብሎ መሬት አስቀምጦ «ባለቤቴ ምሳ ሠርታለች፤ መጀመሪያ ብሉ» አለ። ረሃብ ያዞረን መስሎታል።

ባለቤቱ ሐያት ቤቱን ሁሉ ሥጋ ሥጋ አሽትታዋለች። ኤፍሬም ግን ረቡዕን ይጾማል። እኔ አፍሬ ስቅለሰለስ እሷ ቀድማን «ጾመኛ መሆኑን ጀማል ነግሮኛል» ብላ ለብቻው ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ስንግ ይዛ ወጣች። ድስቱም ማንኪያውም ለብቻ ነው፤ ምስሩ ሥጋ የነካ ዕቃ እንዳይነካው ብላ ከጎረቤት ተውሳ ነው የሠራችው። እኛ ፎቅ ላይ ፊት ለፊቴ የሚኖሩት ሰዎች ይጹሙ አይጹሙ፣ ስማቸው ማን ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከምሳ በኋላ ስንወጣ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሣጥን፣ ሽቦ፣ መክፈቻ የያዝን ሁለት ሰዎች ገብተናል ተብሎ ሰፈሩ ሰምቷል፤ መብራቱን ልንሠራ የመጣን መስሏቸዋል። አንዲት እናት የፍሪጃቸውን ችግር ከሥሩ ጀምረው ነገሩን። አንድ ጸጉር ቆራጭ ግማሽ ራሱን ብቻ የተላጨ ደንበኛውን ይዞ መጥቶ «ይኸው፣ እዩልኝ! ከእሑድ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚዞረው» አለ። ደንበኛው ኮፍያውን አንስቶ አሳየን። «እኛ አይደለንም» ብንል ማን ይሰማል? «እንደውም እኛ መብራት እንዲጠፋ ነው የምንፈልገው» ልል አፌን ስከፍት ኤፍሬም እጄን ጨምቆ ወደ ታክሲው ጎተተኝ። ሕይወቴን ነው ያተረፈው።

ሐሙስ

ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታ ሚኒባስ ስንይዝ ተስፋዬ ተሟጦ ነበር። ነገ ዓርብ ነው። ዳገቱን ወጥተን ወደዚያኛው ወገን ስንወርድ ብርዱ ተቀበለን። አዲስ አበባ በርዶኛል የሚል ሰው ሱሉልታ ይምጣ፤ እኔ ሹራብ ላይ ሹራብ ደርቤ ጥርሴ ይጋጫል፣ ሰዉ ደግሞ በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ወተት ያመላልሳል።

አስተናጋጃችን ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። ከኤፍሬም እናት ጋር የቆየ የወተት ደንበኝነት አላቸው፤ ከደንበኝነት አልፎ ዘመድ ሆነዋል። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ገና ሳንቀመጥ ሞቅ ያለ ወተት በትልቅ ጣሳ ሰጡን። ከተማ ከፌስታል የምጠጣውን ነገር ወተት ስለው መኖሬ አሳፈረኝ፤ ሁለተኛ ጣሳ ደገምኩ።

ኦቦ ቶሎሳ ሣጥኑን ዞረው ዞረው አዩት። «ውስጡ ምን አለ?» አሉ።

«ምንም የለም። ለሙከራ የሞላሁት ቁጥር ነው፤ ትርጉም የለውም።»

«ባዶ ነዋ!»

«ባዶ ማለት እንኳ…»

«ልጄ፣ እኛ ቤት የገባ ዕቃ ባዶውን አይወጣም። ጎረቤት በሣህን ቢያመጣ ሣህኑ ውስጥ አንድ ነገር ተደርጎ ነው የሚመለስ። በዚህ ወተት አይቀዳበት። ኤባ አደርግበታለሁ፤ ምርቃት።»

ሽማግሌ እምቢ አይባልም። ኤፍሬም ላፕቶፑን ከፍቶ እሳቸው የሚሉትን ሊጽፍ ተቀመጠ። እኔ በዚያ ሰዓት ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ከላላ ሶኬት ጋር እታገላለሁ፤ ከምርቃቱ የሰማሁት ቁርጥራጩን ነው። ኦቦ ቶሎሳ አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ ይመርቃሉ፣ ቤተሰቡ በየመሐሉ «ሃ ተኡ» ይላል፣ ይሁን ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ሁሉም ከት ብለው ሲስቁ ሰማሁ። ራሴን ከጠረጴዛው ጋር አጋጭቼ ስወጣ ኤፍሬም ዓይኑን እየጠረገ ነው። «ምን አሉ?» ብዬ ብጠይቀው «ጽፌዋለሁ» አለኝ። ፕሮግራሟ ምርቃቱን ደግማ ደጋግማ መገልበጥ ጀመረች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አምፖሉ ደበዘዘ። ሄደ። መጣ። ሄደ። ቀረ። የሣጥኑ አረንጓዴ መብራትም አብሮ ድርግም አለ። እኔ ጨለማ ውስጥ ዘለልኩ፤ አዴ ጫልቱን አቅፌ ሳምኳቸው። «ምነው፣ ምን አገኘሽ?» አሉ። እሳቸው ሻማ እየፈለጉ ነበር።

መብራቱ ሲመለስ ከላፕቶፑ ማያ ፊት ተደረደርን። ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ «ከብታችሁ ይርባ፣ ደጃችሁ እንግዳ አይጣ፣ የተከላችሁት ይጽደቅ፣ ይህችን ልጅ ከ»። ከዚያ በኋላ፣ በተቆረጠች ፊደል ቦታ፣ አንዲት የጥያቄ ምልክት አለች። ከሷ በኋላ ምንም።

«ይህችን ልጅ ከ… ከምን?» አልኩ።

ኦቦ ቶሎሳ ተቆጡ። «ምርቃቴን ማን ቆረጠው?»

አዴ ጫልቱ አማተቡ። «የተቆረጠ ምርቃት ደግ አይደለም» አሉ።

«ከምን? ከክፉ ነገር? ከበሽታ?» ኤፍሬምን አየሁት፤ ከንፈሩን ነክሷል። ቢገድሉት አይናገርም። ኦቦ ቶሎሳን «አንቱ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«እኔ ለሣጥኑ ሰጥቻለሁ» አሉ። «ከሣጥኑ ተቀበዪ።»

ቀልዱን ሁሉም ሳቁበት፤ እኔ ግን ፕሮግራሜን ከፍቼ አየሁ። ስህተቱ የመብራት አይደለም፤ የኔ ነው። ቢሮ ውስጥ የሞከርኩባቸው ቁጥሮች ሁሉ እኔ ራሴ የቆረጥኳቸው፣ እኩል እኩል የሆኑ ነበሩ። ምርቃት ግን በልክ አይቆረጥም።

ለኦቦ ቶሎሳ በታክሲ አስረዳኋቸው። «የኔ ፕሮግራም እንደ ሚኒባስ ናት። ሰው ሲሞላላት በቀጥታ ወስዳ ሜሞሪው ደጃፍ ታወርዳለች። መጨረሻ ላይ ታክሲ የማይሞሉ ጥቂት ሰዎች ይተርፋሉ፤ እነሱ በሌላው መንገድ፣ በማረፊያው በኩል ይሄዳሉ። እዚያ ቁጭ እንዳሉ መብራት ሄደባቸው።»

«የሚወስዳቸው አልላክሽም?» አሉ።

«በራሳቸው ይደርሳሉ ብዬ። እንዳልዘገይ ብዬ።»

«አይ ልጄ» አሉ። የወተት ጣሳውን ገፋ አደረጉልኝ። ከሁለት ዓመት ፍጥነቴ ከፊሉ ሰው ጥሎ በመሄድ የተገኘ ነበር ለካ፤ ትርሲት ደግሞ ቀድማ ጠርጥራለች። ያን ምሽት ተሸፋፍኜ ተኛሁ።

ዓርብ

ጠዋት ጥቂት መስመር ጻፍኩ። ታክሲ ላልሞሉት አንድ ራሱን የቻለ መልእክተኛ፤ ማረፊያው ጋ ሄዶ እነሱን ብቻ አስነስቶ የሚያደርስ፣ እነሱ ሳይደርሱ «ጨርሻለሁ» የማይል። ፍጥነቷን ለካሁ። ዝግ ብላለች፣ ግን እጅግ በጥቂቱ፤ ከድሮው ጋር አሁንም አትገናኝም። ከዚያ እኔን ግቢ አስወጥተው፣ እንዳላይ ከጥጆቹ ጋር አቁመው፣ ኤፍሬም ምርቃቱን እንደገና አስገባው። «ሙሉውን ጻፍከው?» ብዬ ከውጭ ጮህኩ። «እስከ ነጥቡ!» አለ። ሳቃቸው ተከትሎ ወጣ።

ቀረን መብራት። ቁርስ ቆሎ ነበር፤ ቆሎው አለቀ፤ መብራቱ አለ። ምሳ በላን፤ መብራቱ አለ። ትርሲት ደወለች። «እህ?» አለች። «እየጠበቅን ነው» አልኩ። «እኔም እየጠበቅሁ ነው» ብላ ዘጋችው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ኤፍሬምን «ምሰሶው ላይ ውጣና አንድ ነገር አድርግ» ብዬዋለሁ። ይሄ ሁሉ ሲሆን አዴ ጫልቱ አንድ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

በመጨረሻ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ። «እኔ ላምጣው» አሉ።

«ምኑን?»

«መጥፋቱን። ዳቦ እጥዳለሁ። ኤሌክትሪኩ ላይ ዳቦ ጥጄ ሳይበስል ያልጠፋበት ቀን የለም። ዶሮ ማታም፣ ሠርግም፣ እንግዳም አይለይ።»

ኦቦ ቶሎሳ «እውነቷን ነው» አሉ፣ በሐዘን።

ሊጥ ተቦክቶ ነበር፤ ለነገ እንግዳ የታሰበ። «ይበላሻል እኮ!» አልኳቸው። «ያንቺ ሁለት ዓመት ከሚበላሽ የኔ ሊጥ ይበላሽ» አሉና ኮባውን አንጥፈው፣ ሊጡን አፍስሰው፣ ክዳኑን ገጠሙ። እንባዬ መጣ፤ ጢሱ ነው እንዳልል ምድጃው የኤሌክትሪክ ነው። ሁላችንም ዳቦውን ከበን ቆምን። መዓዛው ሲወጣ፣ ዳር ዳሩ ገና ሲያያዝ፣ አምፖሉ ደበዘዘ።

«ይኸው!» አሉ አዴ ጫልቱ።

መጣ። ሄደ። መጣ። ድርግም አለ። ግቢው «እሰይ!» አለ፤ አዴ ጫልቱ እልል አሉ። የጎረቤት ሴት በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ «ምን ተገኘ?» ብትል ኦቦ ቶሎሳ «መብራት ጠፋልን!» አሏት። ሴትየዋ ቀስ ብላ አንገቷን መለሰች።

መብራቱ ሲመለስ ዳቦው ግማሽ ጥሬ ነበር። ማያው ግን ሙሉ ነው። ከላይ ጀምሬ አነበብኩ፤ ቤተሰቡ ምርቃት ነውና በየመሐሉ «ሃ ተኡ» ይላል። ከብቱ፣ እንግዳው፣ የተተከለው። የትናንቱ ገደል ጋ ደረስኩ። ተሻገርኩት። አንዲት ፊደል አልጎደለችም፤ ነጥቡም አለ።

«ይህችን ልጅ ከዚህ ሣጥን ገላግላት።»

አንድም ሰው አልሳቀም። ሁሉም እኔን ያያሉ። ስልኬን አውጥቼ የማያውን ፎቶ ለትርሲት ላክሁ። ወዲያው ደወለች፤ አንብባዋለች። «ያንቺዋ ገብታለች» አለች፤ «ፋይሉን ዘግቼዋለሁ። ሰኞ ሌላ ሥራ እንጀምራለን።» ቀጥላም «ማነው እንዲህ የመረቀሽ?» አለች።

ስልኩን ዘጋሁ። ኦቦ ቶሎሳ እጃቸውን እንደዘረጉ መልሴን እየጠበቁ ነበር። «አሜን» አልኩ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ።